ሽቦ፣ ሶዳ ወይስ አቼቶ? ለስቴንለስ ድስት የትኛው ይገዛ?

ከመርካቶ የገዛነው ስቴንለስ ድስት ቤት በገባ በሳምንቱ ሽንኩርት አረረበት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በደረቁ እየተቁላላ ሳለ ስልክ ተደወለ፤ የቀረውን መገመት አያቅትም። እናቴ ሽቦዋን ይዛ ተነሳች፤ እኔ እጇን ያዝኩ። በእኔ ሚዛን ለስቴንለስ ገንዘብ የሚገባቸው ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ናቸው፤ ሽቦ ግን አይደለም።

ሽቦ ፈጣን መሆኑን አልክድም። ያረረውን በአምስት ደቂቃ ያነሳል። ነገር ግን የድስቱን ገጽ ይቧጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ የሚቀጥለው ሽንኩርት ይጣበቃል። ከሽቦም ውስጥ ደግሞ የባሰ ዓይነት አለ። እርጥቡን ማታ ማጠቢያው ላይ ትተነው ጠዋት ቀይ ምልክት ካገኘን የሚዝግ ብረት ነው፤ ብናኙ ድስቱ ላይ ሲቀር እዚያው ይዝጋል። ከዚያ ሰዉ «ስቴንለስ ብለው ሸጡልኝ፣ ዛገ» ብሎ ሻጩን ይወቅሳል።

ሶዳ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ያረረውን እስኪሸፍን ውኃ ጨምሮ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ነስንሶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር አይጎዳም። ለብ ሲል በእንጨት ማማሰያ ገፋ ሲያደርጉት ጥቁሩ እንደ ቅርፊት እየተላቀቀ ይነሳል። የእኛ ድስት ሁለት ዙር ፈልጓል። ሲገዙ ግን ማሸጊያውን ያንብቡ፦ «የኬክ ዱቄት» ብለው ከጠየቁ ባለሱቁ ቤኪንግ ፓውደር ሊያቀብልዎ ይችላል። እሱ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ የሚፈለገው ቤኪንግ ሶዳ ነው።

አቼቶ ያረረ ላይ ብዙም አይረዳም። የእሱ ቦታ ሌላ ነው፦ ውኃ ደጋግሞ ሲፈላ የሚቀረው ነጭ የካልሲየም ነጠብጣብ፣ እንዲሁም ባዶ ድስት ሲግል የሚወጣው ቀስተ ደመና መሳይ ቀለም። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውኃ አሙቆ ማንቀሳቀስና ማለቅለቅ ይበቃል። ሎሚም ያንኑ ይሠራል፤ ሽታው ይሻላል፣ ዋጋው ግን አንዳንድ ሰሞን አይቀመስም። አቼቶና ሶዳን አንድ ላይ መድፋት የሚወዱ አሉ። አረፋው ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያከሽፈው በየተራ መጠቀም ይሻላል።

በረኪና ለስቴንለስ ድስት አይገዛም። ይህን ብረት ከዝገት የሚጠብቀው ቢያንስ 10.5 በመቶ የሆነው ክሮሚየም ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። በበረኪናም በጨውም ውስጥ ያለው ክሎራይድ ይህን ሽፋን ይበሳል። ጨውም ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲጨመር ታች ተኝቶ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ጉድጓድ ያበጃል፤ ስለዚህ ውኃው ከፈላ በኋላ ይጨመር። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ከሰል ላይ የሚውል ድስት ጥላሸት ካለው የተነፋ አመድ በቂ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አሸዋ እንዳይቀላቀልበት ብቻ ነው። ለዕለት ተዕለቱ እጥበት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃሉ፤ ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ቢደርቅ ነጠብጣቡም አይመጣም።

እናቴ ሽቦዋን አልጣለችም። ለአሮጌው የአሉሚኒየም ድስት አስቀምጣዋለች፤ ሶዳ አሉሚኒየምን ስለሚያጠቁር እኔም እዚያ አልከራከራትም።