የዕቃ ዝርዝራችንን መልክ ላስያዘችልን እህታችን ምስጋና፣ ባሕር ዳር ሱቅ ላላችሁም ጥቆማ

የዕቃ ዝርዝራችሁ ኮምፒውተር ላይ እያለ ሻጫችሁ አሁንም «ቆይ ስቶር ገብቼ ልይ» የሚል ከሆነ ይህን አንብቡልኝ። እኛ ባሕር ዳር የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ እንሸጣለን። ካታሎጋችንን ከሥር ያስተካከለችልንን ልጅ በአደባባይ ላመሰግናት እፈልጋለሁ። እጇ ይባረክ!

ዝርዝሩ ባለፉት ዓመታት በብዙ ሰው እጅ አልፏል። አንዱ ቧንቧ የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ «ጎሚቶ 1/2» ብሎ አስገብቷል። ሌላው ደረሰኙ ላይ እንዳየው «ኤልቦ 20» ብሎታል። ሦስተኛው ደግሞ «ጎሚቶ ግማሽ ኢንች ፒፒአር»፣ ፒፒአር የፕላስቲክ ቧንቧ ዓይነት ነው። ዕቃው አንድ፣ መደርደሪያውም አንድ ነው። ሲስተሙ ግን ሦስት ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። አንዱ ላይ «አልቋል» ይላል፣ ሌላው ላይ ሞልቷል።

የሚጎዳው ደንበኛው ነው። ዘጌ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው በቴሌግራም ያዝዛል፣ ዕቃው በጀልባ ይሄድለታል። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ዕቃ ሲጠብቅ ባለ 20 ከደረሰው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ይውላል። የቀን ሂሳቡ ግን አይቀርም። ነገሩን ቀላል አድርጌ የማላየው ለዚህ ነው።

ልጅቷ መጥታ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ አልተቀመጠችም። ይሄን ነው በጣም የወደድኩላት። ባንኮኒው አጠገብ ቁጭ ብላ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ታዳምጥ ነበር። ከዚያ አንጋፋውን የስቶር ሠራተኛችንን ያዘች።

«ጋሼ፣ ሰው መጥቶ ጎሚቶ ስጡኝ ሲልዎት መጀመሪያ ምን ይሉታል?»

«ስንት ቁጥር? እለዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ጥርስ አለው የለውም? ካለውስ የውስጥ ነው የውጭ?»

«ቀለሙንስ ይጠይቁታል?»

«ኧረ ልጄ፣ ቀለሙ ምን ያደርግለታል? ግድግዳ ውስጥ ነው የሚቀበረው።»

በሙያው አትሪቢዩት የሚባሉት መለያዎች የወጡት ከዚህ ጨዋታ ነው። ቀለም ከጎሚቶ ላይ ተነሳ። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ግን ቀረ፣ ምክንያቱም እዚያ ሰው ከግድግዳው ቀለም ጋር ያስተያያል። አምፖል ዋት፣ የብርሃን ቀለምና የመግቢያ ዓይነት ተሰጠው። ገመድ ውፍረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር ተጻፈለት፣ በጥቅል ይሸጥ በሜትርም ተለየ። ድሮ ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ረጅም ቅጽ ነበረው፣ ግማሹ ባዶ። አሁን እያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገውን ብቻ ይጠይቃል። መጠን ሳይሞላ ደግሞ አያስቀምጥም።

ሻጩም መጠን በእጁ መጻፍ ቀርቶለት ከዝርዝር ይመርጣል። የፒፒአር ቧንቧ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ስለሆነ እሱን በሚሊ ሜትር ብቻ አደረገችው፦ 20፣ 25፣ 32 እያለ ይቀጥላል። ኢንች ለጥርሱ፣ ማለትም ለሚጠመዘዘው ክፍል፣ ብቻ ተተወ። ባለ ጥርሱን ጎሚቶ ለብቻው ዕቃ ያደረገችውም ሁለት መጠን ስላለው ነው። 25 በ1/2 አለ፣ 25 በ3/4 አለ። ሁለቱን የሚያምታታ ሻጭ ደንበኛውን ከዓባይ ማዶ ድረስ መልሶ ያመላልሰዋል። ስሙንም «ጎሚቶ / ኤልቦ» አለችው፣ በየትኛውም ብትፈልጉት ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እኛ የምንጠቀመው ኦዱ (Odoo) የሚባለውን የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። እዚያ አንድ መለያ ቫሪያንት፣ ማለትም ለየብቻ የሚቆጠር የዕቃው ዓይነት፣ ይፍጠር አይፍጠር የሚወሰነው ገና ሲጀመር ነው። ዕቃ ላይ ከዋለ በኋላ ያን ምርጫ መቀየር አይቻልም። አራት መጠን፣ ሁለት ማዕዘንና ሦስት የጥርስ ዓይነት አንድ ላይ ብታስገቡ 24 ቫሪያንት ይወጣል፣ ብዙዎቹ ገበያ ላይ የሌሉ። እሷ ይህን ሁሉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሠርታ፣ እኛን አሳይታ፣ አስማምታ ነው የገባችበት። የዋስትና ጊዜን የመሰለውን መረጃ ደግሞ ተጽፎ የሚነበብ ብቻ አደረገችው።

ዋጋዋ ርካሽ አይደለም። ለእኔ ግን የከፈልኩት ሲያንሳት ነው። ሥራውን ስትጨርስም ዝም ብላ አልሄደችም። አዲስ ዕቃ ሲገባ ምን ምን እንደሚሞላ በአማርኛ ጽፋ ባንኮኒው ላይ ለጥፋልናለች፣ ልጆቹንም እያስገባች አለማምዳለች። አሁን አዲሱ ሻጭ ራሱ ጋሼን ሳይጠራ ከነመደርደሪያው ያገኘዋል። ጋሼም ደስ ብሏቸዋል፣ «አሁን ምሳዬን በሰላም እበላለሁ» ይላሉ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ፋርማሲ፣ የመኪና መለዋወጫ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ምንም ይሁን፣ ብዙ ዓይነት ዕቃ ያላችሁ አናግሯት። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ በኢንቦክስ ጠይቁኝና እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ያላችሁን ዝርዝር በኤክሴል አውጡት፣ የተዝረከረከ ቢሆንም ግድ የላትም። ከሠራተኞቻችሁ ደግሞ ዕቃውን በደንብ የሚያውቀውን ሰው ጊዜ ስጡት፣ ያለ እሱ ሥራ አትጀምርም።