ወረቀት ስለቆረጠላችሁ ብቻ ቢላችሁን አትረከቡ

ከትናንት በስቲያ 1,000 ብር ከፍዬ አምስት ስለቶቼን አስበላሸሁ፤ ትናንት ደግሞ ምን እንዳደረጓቸው ልጠይቅ ሄጄ በሰው ፊት ተዋርጄ ተመለስሁ። ሐዋሳ ውስጥ ቢላ፣ ካራ፣ መቀስ ወይም ሰንጢ ለማሳል የምታስቡ ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ እንጀራችሁን ከስለት የምትበሉ፣ ይህንን አንብባችሁ ገንዘባችሁንም ብረታችሁንም አድኑ። ንዴቴ ገና ስላልበረደ አነጋገሬ ከረር ቢል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በነገሩ ላይ ግን አንድም የጨመርሁት የለም።

ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብዙም በማይርቅ ስፍራ አንዲት ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። የዓሣ ሥራ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ የቆሮሶ ፊሌቶ በጉልበት አይወጣም፤ ቀጭንና ተጣጣፊ የሆነ ቢላ ከጎን አጥንቱ ጋር ተጣብቆ እየተንሸራተተ ሥጋውን መለየት አለበት። ስለቱ የደነዘ እንደሆነ ሥጋው አጥንቱ ላይ ይቀራል፣ የወጣውም ይቦጫጨቃል፣ ቢላው ደግሞ ከቅርፊቱ ላይ እያዳለጠ የሠራተኛውን ጣት ይፈልጋል። ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ከዚያ አስቀድሜ ስለቶቼን ሁሉ ማሳል ልማዴ ነው። በዚህ ጊዜ ይዤ የሄድሁት ሦስት የፊሌቶ ቢላዎች፣ የአምባዛ ራስ የምንመታበት አንድ ከባድ ካራና የሟቹን የባለቤቴን ሰንጢ ነበር። ሰንጢው ቀይ እጀታ ያለው የስዊዝ ሥሪት ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ከባለቤቴ ኪስ ተለይቶ አያውቅም፤ ብርቱካን ይልጥበት፣ ሸንኮራ ይቆርጥበት፣ የልጆቹንም እርሳስ ይቀርጽበት ነበር። እርሱን ማውጣት አልነበረብኝም። ዓሣ አይቆረጥበት፣ ደንዟል ብሎ የነገረኝም የለ፤ አብሮ ይሳል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትሁት እኔው ነኝ።

ቀድሞ ስለቶቼን የሚስሉልኝ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሰፈራችን የሚያልፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በእግራቸው እየረገጡ የሚያሽከረክሩት የድንጋይ መንኮራኩር ነበራቸው፤ ከበላዩ ሥሯ በሚስማር የተበሳ የቲማቲም ቆርቆሮ ትንጠለጠላለች፣ ከእርሷም ውሃ በድንጋዩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሲጨርሱ ስለቱን በወገባቸው ቀበቶ ቆዳ ላይ ደጋግመው ወደ ኋላ ይጎትቱት ነበር። ውሃው ለምን እንደሚንጠባጠብ፣ ቆዳውስ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም። ዐይናቸው ደክሞ ወደ አገራቸው ከገቡ ስድስት ወር ሆነ። እርሳቸው ከሚጠይቁኝ ከእጥፍ በላይ ከፍዬ ወደ መስታወት በር የሄድሁት ታዲያ ሌላ ሰው አጥቼ ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር የመስታወቱ በር ራሱ አማልሎኛል።

ቤቱ ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። ስሙን አልጽፍም፣ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንደ ገባችሁ በውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ 1000 እና 6000 የሚል ቁጥር የታተመባቸው የመሳያ ድንጋዮች ተነክረው ታያላችሁ፤ ሻካራው 1000 ስለት ሊያወጣ፣ ልዝቡ 6000 ደግሞ ሊያለሰልስ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የጃፓን ቢላ ሥዕል አለ። ባለቤቱ ጥቁር ሽርጥ ታጥቋል፣ ንግግሩ ከማር ይጣፍጣል። «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ እኛ ዘንድ ማሽን የሚባል ነገር ስለት አይነካም፤ እያንዳንዱን በእጅ፣ በውሃ ድንጋይ ነው የምንስልልዎት» አለኝ። ለአንዱ 200 ብር ነው፣ ክፍያው በቅድሚያ ነው፣ ደረሰኙ ሲረከቡ ይሰጥዎታል ተባልሁ። እንዲህ ባለ አክብሮት ለተናገረ ሰው እንዴት ደረሰኝ አስቀድመህ ስጠኝ ይባላል? ከፈልሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ እንድመለስ ተነግሮኝ ወጣሁ። አስፋልቱን ከተሻገርሁ በኋላ መነጽሬ ባንኮኒው ላይ መቅረቱ ትዝ አለኝና ተመለስሁ። ባለቤቱ በቦታው አልነበረም። መነጽሬን አንሥቼ ልወጣ ስል ከመጋረጃው ኋላ የሚጮኽ የብረት ፍጭት ሰማሁ። መጋረጃው ግማሽ ተገልጦ ስለነበር ቆሜ አየሁ።

አንድ ወጣት ጠረጴዛ ላይ ከታሰረ ግራይንደር ፊት ቆሟል። በአጠገቡ የሚንጠባጠብ ውሃ የለም፣ ሳፋም የለም፣ 1000 የለም፣ 6000 የለም። በእጁ ያለው ቀዩ እጀታ ነው። የሰንጢውን ስለት በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ተጭኖ በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ያዘው፤ ብልጭታው ደረቱ ድረስ ይረጫል። ቶሎ ያነሣው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላነሣውም። በመጨረሻ ሲያነሣው ጫፉ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ዳር ዳሩ ቢጫ፣ ወደ ውስጥ ቡናማ፣ መካከሉ እንደ እርግብ አንገት ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ልጁም አይቶታል። አልደነገጠም። ከወገቡ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ነከረው፣ ጭስስ አለ። ከዚያ በማሽኑ ሌላ ጎን ወደሚሽከረከረው የጨርቅ ጎማ ዞረ፣ አረንጓዴ ሰም ቀባበት፣ ሰማያዊው ቀለም ድራሹ እስኪጠፋ ድረስ ስለቱን አሸው፤ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ ተመለከተውና ሌላውን ቢላ አነሣ።

መፍጨቱን፣ ልጅ ነው አላወቀም ብዬ ልለፈው። ሰማያዊው ቀለም ደንበኛ ሳያየው መጥፋት እንዳለበት ግን ያውቃል፤ ይህንን የሚያውቅ ሰው ምን እንዳበላሸም ያውቃል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። መነጽሬን ዐይኔ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ባለሙያዎች ናቸው፣ ምናልባት የመጀመሪያው ደረጃ በማሽን ሆኖ የቀረው በእጅ ይሆናል፣ እኔ የዓሣ ሴት ስለ ብረት ምን አውቄ እያልሁ ለራሴ ጠበቃ ሳይሆን ለእነርሱ ጠበቃ ቆሜ ሁለት ሰዓት ቡና ቤት ተቀመጥሁ። ስመለስ ባለቤቱ የለመዳችሁትን ትርኢት አሳየኝ፤ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በፊሌቶው ቢላ እንደ ክር ቀጭን እያደረገ ቆራረጠው። በሰንጢውም ደገመው። ወረቀቱ ያለ ድምፅ ሲወርድ ሳይ በመጋረጃው ክፍተት ያየሁትን ሁሉ ከልቤ አወጣሁት። የገዛ ዐይኔን ትቼ ወረቀት አመንሁ። ደረሰኙን መጠየቅም ረሳሁ። ይባስ ብዬ ስወጣ ለዚያው ልጅ 50 ብር ጉርሻ ሰጠሁት፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያው ቆሮሶ እንደ ቅቤ ተቆረጠ። ሁለተኛውም ደኅና ነበር። አራተኛው ላይ ሠራተኛዬ ቢላውን ቀና አድርጋ «እትዬ፣ ይሄ ተስሏል ነው ያሉኝ?» አለች። በጥፍሬ ስዳስሰው ስለቱ ወደ አንድ ጎን ታጥፏል። ሦስቱም ያው ናቸው። መክተፊያው ላይ ሳስተኛቸው ደግሞ ወደ እጀታው በኩል ያለው ክፍል በድንጋዩ ተበልቶ ስለ ጎደጎደ፣ ጫፉና ወገቡ ጣውላውን ሲነኩ ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል፤ ሽንኩርት ቢቆረጥበት ከታች ሳይለያይ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ይቀራል ማለት ነው። ካራው በመጀመሪያው የአምባዛ ራስ ላይ እንደ ቆርቆሮ ተጠማዘዘ። ሰንጢውን ለመክፈት ስሞክር መታጠፊያው ውስጥ የገባው የድንጋይ ብናኝ ቅጭጭ ቅጭጭ ይላል።

ከሰዓት በኋላ አምስቱንም በፎጣ ጠቅልዬ ሄድሁ። ከአንድ ቀን በፊት «እናቴ፣ ይቀመጡ» ያለኝ አፍ «ምን ቆርጠሽበት ነው?» ብሎ ተቀበለኝ። ገንዘቡ እስኪገባ እርስዎ ነበርሁ፤ ገንዘቡ ከገባ በኋላ አንቺ ሆንሁ። ዓሣ እንደሆነ ነገርሁት። ሦስት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ ወደ እነርሱ ዞሮ ፈገግ አለና ከባንኮኒው ሥር የብረት ዘንግ አወጣ፣ ቢላውን አራት ጊዜ ያህል ወዲህና ወዲያ አሸበት፣ ወረቀት አንጠልጥሎ ቆረጠ። «ይኸው፤ ቢላውስ ይቆርጣል፣ የማይቆርጠው ሌላ ነው» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ከመጋረጃው ኋላ ያየሁትን፣ ሰማያዊውን ቀለምና አረንጓዴውን ሰም አንድ በአንድ ስነግረው «ማን ከመጋረጃ ኋላ ተመልከቺ አለሽ?» አለኝ። ልብ በሉ፣ አልሆነም አላለኝም። ደረሰኝ አለሽ ወይ አለኝ፤ የለኝም። «ማዘር፣ መጀመሪያ ቢላ አያያዝ ተማሪ» ብሎ ቢላዎቼን በፎጣው ላይ ገፋልኝ። ጉርሻዬን የተቀበለው ልጅ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አይቶኝ መልሶ ዘጋው።

ማታ የብረታ ብረት ሥራ የሚያስተምር የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥቶ አምስቱን መረመረልኝ፤ የገባኝም ያኔ ነው። ቢላ ሲሠራ ብረቱ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረግና ይጠነክራል፤ ቀጥቃጮቻችን ብረቱን ውሃ ማጠጣት የሚሉት ነው። ከዚያም እንዳይሰባበር ብዙውን ጊዜ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ልከኛ ሙቀት ዳግመኛ ይሞቃል። ሲሳል ከዚያ ልክ በእጅጉ ያለፈ ሙቀት ከነካው ይለሰልሳል፤ ሃይላንድ ውስጥ ቢነከርም የሄደው ጥንካሬ አይመለስም። በተራ የካርቦን ብረት ላይ ሰማያዊ ቀለም የሚታየው ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እንደ ሰንጢዬ ባለ በማይዝግ ብረት ላይ ግን ያ ቀለም እንዲመጣ ከዚያም በጣም የበለጠ ሙቀት ያስፈልጋል። ቀለሙ ከላይ የሚታይ ስስ ሽፋን ስለሆነ በጨርቅ ጎማ ይጠፋል፣ ከሥሩ ያለው ልስላሴ ግን ይቀራል። ከዳር እስከ ዳር 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የግራይንደር ድንጋይ በደቂቃ ወደ 2,850 ጊዜ ሲሽከረከር ዳሩ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሮጥ በስልኩ አስልቶ አሳየኝ፤ ከሻሸመኔ በሚመጣ አውቶብስ ፍጥነት በደረቅ ድንጋይ የተፋቀ ስስ ስለት በጥቂት ሴኮንድ ቢቃጠል ምን ይገርማል? የአዛውንቱ መንኮራኩር በእግር የሚዞር፣ ውሃም የሚንጠባጠብበት ነበር።

ወረቀቱን የቆረጠውስ ምንድን ነው? ድንጋዩ ብረቱን ሲፍቀው ከስለቱ ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ትርፍ ብረት ተገፍቶ ይወጣል፤ እኔ የብረት ጢም ብዬዋለሁ። ይህ ጢም ለጊዜው ወረቀት ይቆርጣል፣ የክንድ ፀጉርም ሊላጭ ይችላል፤ አጥንትና ቅርፊት ሲነካው ግን ወዲያው ይተኛል። ደኅና ስለት አውጪ ቀስ እያለ በልዝብ ድንጋይና በቆዳ ያነሣዋል፤ የአዛውንቱ ቀበቶ ሥራው ይኸው ነበር። ሰውየው በብረት ዘንግ ያሸው ጊዜ ደግሞ የተኛውን ጢም መልሶ አቆመው እንጂ ቢላ አልሳለም። ሦስት ሰው ፊት የሳቀብኝ በዚያ ጢም ነው። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ሞረድ አውጥቶ የሰንጢውን ስለት በሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገው፤ ወደ መታጠፊያው በኩል ሞረዱ እያንሸራተተ አለፈ፣ ጫፉ ላይ ግን ያለ ችግር ነከሰው። «አክስቴ፣ ይህ ጫፍ ሞቷል» አለኝ።

የምመክራችሁ አጭር ነው። ሲስሉላችሁ ቆማችሁ እዩ፤ መጋረጃ ካለ አትስጡ። ደረቅ ግራይንደር ካያችሁ ቢላችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ሲያስረክቧችሁ ስለቱን በእንጨት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስኬዳችሁ በኋላ ወረቀቱን ራሳችሁ ቁረጡ፤ ጢም ከሆነ ያኔ ይለያል። ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ።

ሦስቱን የፊሌቶ ቢላዎች የእህቴ ልጅ በውሃ ድንጋይ ቀስ በቀስ ሊያስተካክላቸው ወስዷቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት እንደሚያጡ አስቀድሞ ነግሮኛል። ካራው ከእንግዲህ ቅርፊት መፋቂያ ነው። ሰንጢው ከጫፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ካልወጣ ስለት እንደማይይዝ ተነግሮኝ እሺ ማለት ስላልሆነልኝ፣ ከነብናኙ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ መልሼዋለሁ። ነገ በማለዳ 20 ኪሎ ቆሮሶ ይመጣልኛል፤ ከጎረቤቴ አንድ ቢላ ተውሼ አድሬአለሁ።