ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ሲያስቸግር፦ ቮልቴጅ መጨመር ወይስ ፍጥነት መቀነስ?

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰርን ከፋብሪካ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ነው። የ2011ዱን የኢንቴል ፕሮሰሰር ኮር አይ5-2500ኬ እንውሰድ። መነሻ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው፤ መልቲፕላየሩ (የ100 ሜጋኸርዙን መነሻ ምት የሚያባዛው ቁጥር) ክፍት ስለሆነ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቶ 46 ላይ ማድረግ 4.6 ጊጋኸርዝ ያደርሰዋል። ዊንዶውስ ይነሳል፣ ጌምም ይከፈታል። ፕሮሰሰሩን በከባድ ስሌት የሚፈትነው ፕራይም95 ሲሮጥበት ግን አንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ የማስሊያ ክፍል) ስሌት ይስታል፣ ወይም ሰማያዊው ስክሪን ከች ይላል።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ቮልቴጅ ነው፤ ፍጥነቱን አያስነካማ! ዋጋው ሙቀት ነው። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ከ1.25 ወደ 1.35 ቮልት መውጣት ፍጥነቱ ሳይለወጥ 17 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሙቀት ንባቡን ማየት ነው። ኮሮቹ 60ዎቹ ውስጥ እያሉ ከተሳሳቱ ቮልቴጅ አንሷቸው ሊሆን ይችላል፤ በ0.01 ቮልት እየጨመሩ እንደገና መፈተሽ ያስኬዳል። 90 ዲግሪ ከደረሱ ግን ቮልቴጅ መጨመር በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

መልቲፕላየሩን ወደ 45 ማውረድ የሚያስከፍለው 2 በመቶ ፍጥነት ብቻ ነው። ለቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ ፈተና) ነጥብ የሚፎካከር ካልሆነ በቀር ማን ያስተውለዋል? እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ኩለሩ (ማቀዝቀዣው) ከፕሮሰሰሩ ካርቶን ውስጥ የወጣው ከሆነ።

አንድ ነገር ግን አለ። 44 ላይም ወርዶ፣ ቮልቴጅም ተጨምሮለት ያው ከሆነ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ላይሆን ይችላል፤ የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ቅንብር) አጥፍቶ በሜምቴስት (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) ማጣራት ይቀድማል።