ደሴና ኮምቦልቻን ላገናኘልኝ ልጅ ምስጋና

ደሴ ፒያሳ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ መጋዘኑ ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሒሳባችን ግን የሁለት አገር ነበር። ስቶር ኪፐሯ የቀኑን ወጪ በፍላሽ ገልብጣ ማታ በሚኒባስ ትልካለች፣ እኛ ጠዋት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ እንመዘግባለን። ጥቅምት ላይ ለአንድ ደንበኛ ባለ 12 ፌሮ 60 ቤርጋ ሸጥኩለት። አይሱዙ ይዞ ወረደ፤ ፌሮው ለካ ከትናንት ወዲያ ወጥቷል። ሰውየው ሐረጎን በባዶ መኪና ሲመለስ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

መጀመሪያ ያማከርኩት ባለሙያ «ፖርት ከፍቼ ኮምፒውተሩን ከውጭ እንድታገኙት አደርጋለሁ» ብሎኝ ነበር። ዛሬ የማመሰግነው የኔትወርክ ልጅ ይኼን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይኼማ በገበያ ቀን የሱቁን በር ከፍቶ መሄድ ነው፤ ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ፣ የሚገባው እኮ በዚህ ነው።»

እሱ የሠራልን ቪፒኤን ነው፤ ያው ሁላችን በምንጠቀምበት ኢንተርኔት ውስጥ የራሳችን የተቆለፈ መተላለፊያ። በሁለቱም በኩል ማይክሮቲክ የሚባል ራውተር ተክሎ ዋየርጋርድ በሚባል የቪፒኤን ዓይነት አያያዛቸው። ገና ሲጀምር ሁለቱም ቤት 192.168.1 በሚል አንድ ዓይነት የኔትወርክ አድራሻ ሲሠሩ አገኘና «ደብዳቤው ማን ጋ ይድረስ?» ብሎ ሳቀ፤ የኮምቦልቻውን ወደ 192.168.20 ቀየረው። ኮምቦልቻ በ4ጂ ሲም ስለሆነ ከውጭ የሚጠራበት የራሱ አድራሻ የለውም። ስለዚህ ቋሚ አይፒ (የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) ለደሴ ብቻ አስወጣን፣ ደዋዩ ሁልጊዜ ኮምቦልቻ ሆነ። መስመሩ እንዳይዘጋበትም በየ25 ሴኮንዱ «አለሁ» ይላል።

በማግስቱ ጉድ መጣ። ፒንግ የሚሉት ትንሽ የሙከራ መልእክት ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል ግን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። እኔ ብሬን ውኃ በላው ብዬ ነበር። እሱ «አብሽሩ ጋሼ» ብሎ ኮምቦልቻ ወረደና ኤምቲዩ የሚሉትን ነገር፣ በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ ጥቅል መጠን፣ ከ1420 ወደ 1380 ዝቅ አደረገው። የሚላከው ዳታ ላይ የቪፒኤኑ መጠቅለያ ሲጨመርበት መስመሩ አላሳልፍ ብሎት ኖሯል፤ በር ላይ የተቀረቀረ ሶፋ በሉት።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን እንቢ ማለቱን ነው። ፒችትሪን ከኮምቦልቻ በቀጥታ እንክፈተው ብዬ ብጠይቀው አልተስማማም። ለእያንዳንዷ ትንሽ ንባብ መልስ ስለሚጠብቅ ይንቀራፈፋል፣ መስመር ከተቋረጠ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል አለ። በምትኩ ደሴ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለስቶር ኪፐሯ ለየላት፤ ከኮምቦልቻ ሆና በሪሞት ዴስክቶፕ ትገባበታለች። የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና የምትጫነው ቁልፍ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ ሱቅ ስዘጋ የኮምቦልቻን ፌሮ አየሁ፤ 212 ቤርጋ። አላመንኩምና ደውዬ ቁጠሪ አልኳት። «ዛሬም ጋሼ?» አለች። ቆጠረች፤ 212።

ሰዓት ላይ ግን ችግር አለበት፤ 3 ሰዓት ካላችሁ 5 ሰዓት ጠብቁት። ዓርብ ጁምዓ ሳይወጣ ስልክ አያነሳም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ቪፒኤኑም እንደሚጠፋ ግን ሳልጠይቀው ቀድሞ ነግሮኛል። የይለፍ ቃሉንና የራውተሮቹን ባካፕም «ነገ እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይሥራበት» ብሎ በእጄ ሰጥቶኛል።

ስልኩን እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ። በሚመጣው ሳምንት ግን አታገኙትም፤ ወልድያ የወንድሜን ሱቅ ሊሠራ ይሄዳል።