ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ? ከቦዲው በፊት ሌንሱን አስቡ

ድሬ ላይ የሰርግ ፎቶ የጀመሩ ሁለት ልጆች ሰሞኑን "ፉል ፍሬም እንግዛ ወይስ ክሮፕ ይበቃናል?" አሉኝ። ፉል ፍሬም ማለት ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትልቅ የሆነ ካሜራ ነው፣ ክሮፕ ደግሞ ሴንሰሩ ከዚያ ያነሰ። አቦ፣ ቦዲውን (ካሜራውን ያለ ሌንስ) ለጊዜው ተዉት አልኳቸው። ኪስ የሚያራቁተው ሌንሱ ነው።

ሌንስ ሴንሰሩ ላይ የሚጥለው ምስል ክብ ነው። ክቡ ሴንሰሩን እስከ ጥግ መሸፈን አለበት። ለፉል ፍሬም ቢያንስ 43 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፈልጋል፣ ለክሮፕ 28 ገደማ ይበቃል፣ ከክሮፕም ለሚያንሰው ለማይክሮ ፎር ተርድስ ሴንሰር ደግሞ 22። ክቡ ሲሰፋ ጥጉን ጥርት አድርጎ ማውጣት ይከብዳል፣ መስታወቱ ይጨምራል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

በጣም የሚታየው ረጅም ዙም ላይ ነው። የፉል ፍሬም 70-200 ኤፍ 2.8 ውሰዱ። 70-200 የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል፤ ኤፍ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 200ን ለ2.8 ብታካፍሉት 71 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የፊቱ መስታወት ከዚህ ማነስ አይችልም፣ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ይሰፋል ማለት ነው። በዲኤስኤልአር (በውስጡ አንጸባራቂ መስተዋት ያለው ካሜራ) ዘመን የነበሩት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናሉ። ለማይክሮ ፎር ተርድስ የተሠራው የፓናሶኒክ 35-100 ኤፍ 2.8 ሴንሰሩ ትንሽ ሆኖ የምስሉን መሃል ብቻ ስለሚወስድ ያንኑ እይታ ይሰጣል፣ ክብደቱ ግን 360 ግራም ገደማ ነው። በድሬ ፀሐይ ከዚራ ላይ ሙሽሮችን ሲከተል የዋለ ሰው ልዩነቱን ትከሻው ይነግረዋል።

ግን "ሁለቱም ኤፍ 2.8 ነው" ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ። ኤክስፖዠሩ (የፎቶው ድምቀት) እኩል ነው፤ የኋላው ብዥታ ግን ፉል ፍሬም ላይ ኤፍ 5.6 እንደሚሰጠው ነው። ፉል ፍሬም ሴንሰር የቆዳ ስፋቱ የማይክሮ ፎር ተርድስን ወደ አራት እጥፍ ስለሆነ በጠቅላላው የሚሰበስበውም ብርሃን ያንኑ ያህል ይበልጣል። ሐረር ማታ በመኪና መብራት ብቻ ጅብ ሲመገብ በትንሽ ሴንሰር አንስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ጥላው ውስጥ ያ ሁሉ ነጠብጣብ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ለምታነሱ ደግሞ ሌላ ነው። መደቡንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት በአንድ ፎቶ ለማስገባት ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል። የካኖን ክሮፕ ቦዲ ላይ የፉል ፍሬም 16-35 ብትገጥሙ እንደ 26-56 ያያል፣ ለሰፊነቱ የከፈላችሁት ብር ባከነ። የካኖኑ ኢኤፍ-ኤስ 10-18 ለክሮፕ ብሎ የተሠራ ነው፣ ቀላልና ርካሽ፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ።

ትልቅ ሴንሰር ሁሌ ውድ ሌንስ ማለትም አይደለም። የካኖን 50 ኤፍ 1.8 ፉል ፍሬም ይሸፍናል፣ 160 ግራም ነው፣ ከርካሾቹ አንዱም ነው። ክሮፕ ላይ እንደ 80 ያያል፣ ለፊት ፎቶ ደስ ይላል።

ለልጆቹ የመከርኳቸው ክሮፕ ቦዲ፣ ይህን 50 እና የታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 ነው። ፉል ፍሬም፣ ለሁለት ጥሩ ሌንስ የሚሆን ብር ከቦዲው ተርፎ ኪስ ውስጥ ሲኖር ይሁን። ያገለገለ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ ኢኤፍ-ኤስ የሚል ሌንስ የካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገባም። የኒኮን ዲኤክስ (የክሮፕ ሌንሱ) ግን ፉል ፍሬሙ ላይ ይገባል፣ የሴንሰሩን መሃል ብቻ ነው የሚጠቀመው።