ጣና ዳር «የባሌት ፎቶ ፓኬጅ» ለምትሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ባህር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ልጃችሁን እንደ ባሌት ዳንሰኛ፣ በዲዛይነር ልብስ፣ ጣና ዳር አንስተን «የውጭ መጽሔት ደረጃ» ያለው ፎቶ እንሰጣችኋለን ይላል። ናሙና ተብለው የተለጠፉት ፎቶዎች ያፈዝዛሉ። ዳንሰኛዋ አየር ላይ ተንሳፍፋለች፣ ቀሚሷ ከኋላዋ ይውለበለባል። እህቴ ለልጇ ልደት ብላ ገባችበት። የሰዎቹን ስም እዚህ አልጽፍም። አሠራራቸውን ካወቃችሁ በሌላ ስም ቢመጡም አይሸውዷችሁም።

ናሙናዎቹ የእነሱ ሥራ አይደሉም። አንዱም ላይ ጣና የለም፤ ሁሉም ስቱዲዮ ውስጥ የተነሱ ናቸው። ዳንሰኞቹም ከልጅነታቸው የሰለጠኑ የውጭ ባለሙያዎች መሆናቸው አቋቋማቸው ላይ ያስታውቃል። «እዚሁ ከተማ ያነሳችሁትን አሳዩን» በሏቸው። እህቴ ስትጠይቅ «ደንበኞቻችን እንዲወጣ አይፈልጉም» አሏት። ይህን መልስ ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ ዓይኔ ቶሎ የሄደው ቀሚሱ ላይ ነበር። «ዲዛይነር» ይባል እንጂ የማን ዲዛይን እንደሆነ የሚናገር ሰው የለም። ከባድ ሳቲን ነው፣ ደረቱ በፈርጥ የተሞላ፣ ጅራቱ መሬት የሚጠርግ። ለሙሽራ ይሆን ይሆናል። ለሚዘል ሰው የሚያምረው ግን አየር የሚይዝ ቀለል ያለ ጨርቅ ነው፣ ሽፎን ወይም ቱል። እግርም መታየት አለበት፤ እግሩ ከተሸፈነ ባሌቱ የት አለ? ታዋቂዋ ፈረንሳዊት ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1924 ባሌ ሩስ ለተባለው የባሌት ቡድን ልብስ ስትሠራ ዳንሰኞቹን ያለበሰቻቸው በሹራብ የተሠራ የመዋኛ ልብስ ነው። ዲዛይነር ማለት ፈርጥ ማብዛት የሚመስላቸው ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን።

ቀሚሱ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። እሱን አልነቅፍም፣ በፋሽን ፎቶ የተለመደ ነው። ግን «በልኳ ይስተካከላል» ብለው ለብቻው አስከፍለዋል።

ወጥመዱ ያለው ውሉ መጨረሻ ላይ ነው። በደቃቅ ፊደል «ልብሱ ከቆሸሸ ወይም ከተቀደደ ከመያዣው ይቆረጣል» ይላል። ቦታውን የሚመርጡት ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ደንገሉ ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ በነጭ ቀሚስ! ሳይቆሽሽ የሚመለስበት መንገድ የለም። መያዣው እዚያው ቀረ። በዚያ ላይ የመናፈሻው የካሜራ ክፍያ፣ ሜካፑ፣ ታክሲው ሁሉ «ፓኬጁ ውስጥ የለም» ተባለ። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ዋጋ ማታ ላይ እጥፍ ሆኖ ነበር።

ገንዘቡስ ይሁን። የቆጨኝ የጫማው ነገር ነው። በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን የባሌት ጫማ፣ «ፖይንት» የሚሉትን፣ አምጥተው ሌላ ሰው የተጫማበትን ለልጅቷ አጠለቁላት። ይህ ጫማ በእያንዳንዱ ሰው እግር ልክ የሚመረጥ ነው። ጫፉ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የጠነከረ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል። ሐይቅ ዳር እርጥብ ሣር ላይ ማቆም ማለት ድጋፉን ማጥፋት ነው። ብዙ አሠልጣኞች ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት አያስጫሙትም፤ ያውም ለዓመታት ለስላሳውን ጫማ አድርገው ከሠለጠኑ በኋላ። የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፣ ባሌት ተምራ አታውቅም። «አንዴ ብቻ ቁሚ» አሏት። ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ፣ ወጌሻ ቤት ተመላለስን። እባካችሁ፣ ሳትሠለጥን በዚህ ጫማ ቆማ የምትነሳው ፎቶ የለም በሏቸው። በባዶ እግርም በጣም ቆንጆ ፎቶ ይነሳል።

ብርሃኑም ሌላ ጉድ ነው። ቀጠሮው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ከፊታችን ሌሎች ደንበኞች ስለደረቡ ተራችን የደረሰው 6 ሰዓት ላይ ነው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ከአናት ሲወርድ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ዝላዩ ደግሞ ደብዝዞ ወጣ። የሚዘልን ሰው ለማቆም የካሜራው መዝጊያ ቢያንስ በ1/500 ሰከንድ ፍጥነት ተከፍቶ መዘጋት አለበት፤ በዚያ ሁሉ ብርሃን ይህ የሚያቅት አልነበረም። ጉድለቱን ለመሸፈን ይመስለኛል፣ በኤዲት የልጅቷን ፊት አነጡት። እናቷ እንኳ ለማወቅ ተቸግራለች። ሳይነካ ያለውን ሶፍት ኮፒ ስንጠይቅ በፎቶ ቁጥር ሌላ ሒሳብ መጣ።

አሁን ወደዚያ መልስ ልመለስ። «ደንበኞቻችን እንዲወጣ አይፈልጉም» ያሉት ሰዎች የልጅቷን ፎቶ ሳይጠይቁ ማስታወቂያ አደረጉት። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጹን ጠቅሰን በጽሑፍ ስንጠይቅ በማግስቱ አወረዱት። ውል ስትፈርሙ ፎቶው ለማስታወቂያ እንደማይውል በግልጽ አስጽፉ፤ «የስቱዲዮው ንብረት ነው» የሚል መስመር ካለ ሰርዙት።

እንዲህ ዓይነት ፎቶ የምር የሚያምራችሁ ካላችሁ አማራጭ አለ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ተቋም አለው፤ ዲዛይን የሚማሩ ልጆች ሥራቸውን የሚለብስላቸው ይፈልጋሉ። የምታምኑትን ፎቶ አንሺ ለብቻው ተነጋገሩ። ልጅቷ እስክስታ የምትችል ከሆነ ደግሞ እሱኑ ትጨፍር፣ ጥበብ ቀሚስ ለብሳ። የምታውቀውን ስትሠራ ፊቷም አይጨነቅም።

ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰም። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴ ግዴታ ሆኖ ሳለ የሰጡን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። የባንክ ማስተላለፊያው ግን በእጃችን አለ። አቤቱታ ለንግድ ቢሮ አስገብተናል። በዚሁ ፓኬጅ የከፈላችሁ ካላችሁ ውሉንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ይዛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቤቱታው ላይ አብረን እንፈርማለን።