ለበጋ ጠዋት ድንቢጦች የሚሆን ባይኖኩላር፦ የ8×42 ግምገማ

በወሎ ደጋ ድንቢጥን ለመመልከት ከታኅሣሥና ከጥር ጠዋቶች የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ብርዱ ቢያይልም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወፎቹም በገጠር በአውድማ ዙሪያ፣ በደሴ ደግሞ በመናፈሻው ሣር ላይ በመንጋ ሆነው ፍሬ ሲለቅሙ ይታያሉ። ለዚሁ ብዬ የገዛሁት ባለ 8×42 ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ መነጽር) ነው።

8 የማጉላት አቅሙን፣ 42 የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል። 42 ለ8 ሲካፈል የሚገኘው 5.25 ሚሊሜትር ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ሲሆን፣ በኪስ በሚያዘው 10×25 ግን ይህ ክብ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ እኩለ ቀን ላይ አይታወቅም፤ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ግን በግልጽ ይለያል። የበለጠ የሚያጎላው ይሻላል የሚለው ግምትም ለድንቢጥ አይሠራም፤ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚጎላ፣ ዕረፍት የሌላትን ወፍ መከተል አስቸጋሪ ይሆናል።

በዚህ መነጽር የእኛን ደጋ ድንቢጥ ግራጫ ራስ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ጀርባ፣ በትከሻዋም ላይ ያለውን ትንሽ ነጭ ምልክት ለይቼ አይቻለሁ። ወንዱና ሴቷ ስለሚመሳሰሉ በመልክ መለየት ያዳግታል፤ እኔን የሚያስደስተኝም ይልቁንስ ጠባያቸው ነው። በብርድ ጊዜ ላባቸውን ነፋ አድርገው አየር በመያዝ ሙቀታቸውን ይጠብቃሉ፤ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ በደረቅ አፈር ውስጥ እየተንከባለሉ ላባቸውን ያጸዳሉ። ሲለቅሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ አያቀረቅሩም፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ቀና ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ይህንን በባዶ ዓይን ማስተዋል ይከብዳል።

ጉድለትም አለበት። ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ በመሆኑ ሌንሱ ከውስጥ ጉም ባይለብስም፣ ትንፋሽ የውጪውን መስታወት ጉም ያለብሰዋል። ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝንና አብሮት የመጣው ማንጠልጠያ ቀጭን ስለሆነ አንገትን ያደክማል። የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ እያለ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ጽሑፍ አጥርቶ ማሳየቱን ይፈትሽ፤ ድንቢጥ ቅርብ ትመጣለችና። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ የዓይን ማሳረፊያው (ዓይን የሚጠጋበት ቀለበት) ሲዞር ወደ ታች መውረዱን ያረጋግጥ፤ ማንጠልጠያውንም በሰፊ ጨርቅ ቢቀይረው ይጠቀማል።